ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ተራራ

አምስት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሂልቶፕ ሰፈር ውስጥ ዕዳዋን ከፍዬ የጨረስኳት ቤት አለችኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ለራሴ አስተምሬያለሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከእኔ ይልቅ ትታገሣለች፣ ከእኔ ይልቅም ነገር ይገባታል፤ አትናገረውም እንጂ። ሦስተኛዋ አንድያ ልጃችን ናት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ ውስጥ የምትሠራ፣ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ የምትጨርስ። አራተኛው እጮኛዋ ነው፤ የሰው ጉልበትና ወገብ አሽቶ የሚያድን ባለሙያ፣ ማንም ሳያባርረው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሮጥ ልጅ። አምስተኛው የልጁ አባት ነው። ሚስቱ ሞታበታለች። ዌስተርቪል ውስጥ ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤት አለው፤ ለደካሞች ቤታቸው ድረስ አስታማሚ የሚልክ ድርጅትም አለው። በአራት ዓመት ይበልጠኛልና ፊት ለፊት «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እንደማስበው ነው። እሱ እኔን «ወንድሜ» ይለኛል። ቃሉን ሲያወጣት የሚያጎርሰኝ ይመስለዋል።

ልጆቹ ቀለበት ካሰሩ በኋላ የልጁ አባት ቤቱ ጠራን። ምሳ ተበላ፤ ከዚያ የግድግዳ ያህል በሚሰፋው ቴሌቪዥን ላይ እጮኛዋ አንድ መንደር አሳየን። ስኮትላንድ ነው፣ ተራራ ሥር ነው፣ ጭጋግ ነው።

«ከሠርጉ በፊት ሁለቱ ቤተሰብ እንዲግባባ ብለን ነው» አለ ልጁ። «እዚያ ለእንግዳ የማይዘጋጅ ነገር የለም።»

የተዘጋጀውን አሳየን። ከአስጎብኚ ጋር ተራራ መውጣት አለ። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከነውሃው እየተንሸራተቱና እየዘለሉ መውረድ አለ። ጭቃ ላይ ብስክሌት መንዳት፣ ሐይቅ ላይ ታንኳ መቅዘፍ፣ እንደ ዝንጀሮ ከዛፍ ዛፍ በገመድ መንጠልጠል አለ። አጋዘን ለማየት ማለዳ በደረት መሳብም አለ።

«ለዚህ ይከፈላል?» አልኩ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለማን? ለሚሳበው?»

ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የልጁ አባት ሳቀ። «ወንድሜ፣ ስፖርት ነው እኮ። እርስዎ ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጠው ስለሚውሉ ሰውነትዎ ይታሰራል» አለኝ። ፎርክሊፍትን መኪና ነው ያለው። በሱ ቤት እኔ ተቀምጬ ነው የምውለው፤ ቢሮ ውስጥ ስልክ የሚያነሳው እሱ ደግሞ ቆሞ።

የኔን ነገር እንዲህ ነው የማስበው። ሰው ለእንጀራው ሲደክም ድካሙ ክብር አለው። ለጤናው ሲራመድም አልቃወምም፤ እግር የተሰጠን ለዚያ ነው። ድካምን እንደ ዕቃ ገዝቶ፣ ከፍሎ በዝናብ ተመቶ፣ ፎቶውን ለጎረቤት የሚያሳይን ሰው ግን እንቃለሁ። ያን ቀን ይህን ሁሉ አልተናገርኩም። ፊቴ ላይ ግን ሳይታይ አልቀረም፤ ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ መኪናውን እየነዳች ተቆጣችኝ።

«አባዬ፣ ፕሊስ። ሠርጉ ጥቅምት ውስጥ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንተና የሱ አባት ግራና ቀኝ ቆማችሁ እንድታስገቡን። አሁን ግን ሁለታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቅቷችኋል።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምንም አላልክም። ፊትህ ነው የሚናገረው።»

«ፊቴን የሠራው እግዜር ነው።»

«እግዜር ሲሠራው አላኮረፈም ነበር» አለች ባለቤቴ ከኋላ ወንበር።

ልጄ አልሳቀችም። «አይ አም ሲሪየስ፣ አባዬ። ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ ሠርግ የሚባል ነገር አልፈልግም» አለች። ሰማኋት። ሰውዬው መጀመሪያ ሲተዋወቀን «ሂልቶፕ? ማታ ማታ አያሰጋችሁም?» ብሎ እንደነበር ላስታውሳት ፈለግሁ፤ ተውኩት። ለአንድ ሳምንት ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

በሐምሌ ሄድን። መንደሩ አንድ መንገድ ነው። ቤቱ ሁሉ ድንጋይ፣ ሱቁ ሁሉ የዝናብ ልብስ። ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ውስጥ ገባሁ፤ መቅደሱ መሆን በነበረበት በኩል ጫማና ገመድ ተሰቅሏል። የአንዱን ጃኬት ዋጋ ባየው የሳምንት ደመወዜ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ከአፍንጫው ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ፈገግ እያለ ይሄዳል። ሕፃን እንዲህ ሆኖ ቢመጣ እናቱ ትገርፈዋለች። ተራራውም ቢሆን ተራራ ከማለት ኮረብታ ማለት ይቀላል። ከመምጣቴ በፊት ከፍታውን መጽሐፍ ላይ አይቼ ነበር፤ ጫፉ ከመርካቶ ዝቅ ይላል። መርካቶ ስኖር አስጎብኚ የቀጠረልኝ የለም።

ችግሩ የጀመረው እራት ላይ ነው፤ የጀመረውም በሒሳብ ነው። አገራችን ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈል ማንም ያውቀዋል። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና ወደ ገንዘብ መቀበያው ሄድኩ። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ «ተከፍሏል» አለችኝ። ገና ሳንቀመጥ ካርዱን ሰጥቷት ኖሯል። ተመልሼ ስቀመጥ ሰውዬው አሣውን እየበላ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ምነው ጋሼ፣ ይሄ ደግ አይደለም» አልኩት።

«ኧረ ወንድሜ፣ ምን አላት እሷ? ለነገ ይደርስዎታል።»

ለነገ ይደርስዎታል! ቁርሱን ለመክፈል በማግስቱ ማለዳ ወረድኩ፤ ከመኝታው ኪራይ ጋር አስደምሮት አገኘሁ። ሻይ ቤት ሄድን፤ ልጁን ልኮ አስከፈለ። በሁለት ቀን ውስጥ በዚያ መንደር ለልጄ የገዛሁላት ነገር ቢኖር አንድ ፖስትካርድ ነው። ዋናው ነገር፣ የተራራው ጉዞ፣ ለሦስተኛው ቀን ነበር የታሰበው፤ ልጆቹ «እዚያው ጠዋት እንከፍላለን» ብለዋል። እኔም ሰውዬው ከሰዓት ሸለብ ሲያደርገው በዝናብ ወጥቼ ወደ አስጎብኚዎቹ ቢሮ ሄድኩ።

«ለስንት ሰው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ለአምስት። ለነገ ጠዋት።»

ስሜን ሰጠሁ፣ ካርዴን ሰጠሁ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ስመለስ ያለ ባርኔጣ ነበርኩ፤ ዝናቡ አልተሰማኝም። እራት ላይ የከፈለው እሱ ነው፤ ግድ አልሰጠኝም። ባለቤቴ ብቻ ትክ ብላ አየችኝና «ምን ሠራህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ጠዋት ከበሩ ስንወጣ ሁለት መኪና ቆሟል። ሁለት አስጎብኚ፣ አሥር ባርኔጣ፣ አሥር የታሸገ ምሳ። አንደኛዋ አስጎብኚ፣ የልጄ እኩያ የምትሆን፣ በእጇ ወረቀት ይዛ ከኋላችን ወደ በሩ ታያለች።

«ሌሎቹ አምስት ሰዎችስ?» አለች።

«ምን ሌሎች?» አለ እጮኛው።

ሁለት ስም ጠራች። አንደኛው የኔ፣ ሁለተኛው የሰውዬው ነው። እሱም በስልኩ ገና ከኮሎምበስ ሳንነሣ ለአምስታችን ከፍሎ ኖሯል። ልጄ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ እሱን። እጮኛው ሰማይ ሰማይ አየ።

«ወንድሜ፣ ምነው እንዲህ ያደርጋሉ?» አለኝ ሰውዬው።

«ከእርስዎ ተምሬ ነው፣ ጋሼ።»

ገንዘቡን መልሱልን አልናቸው። ቀኑ ከደረሰ በኋላ አይመለስም አለች፤ ይህም ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን አዝና፣ አንዱን ክፍያ ለከሰዓቱ ሸለቆ ላዛውርላችሁ እችላለሁ አለች፤ ትንሽ ጭማሪ ብቻ አለው። ጭማሪውን ለመክፈል ሁለታችንም እጃችንን ኪሳችን ስንከት ልጄ ከመሃል ገብታ ራሷ ከፈለች።

«እንግዲህ ሸለቆውም ውስጥ እንገባለን» አለ ሰውዬው። «ገንዘብ ሜዳ ላይ አይጣልም።»

«ገንዘብ ከሚጣል እኔ ልጣል» አልኩ። ከልቤ ነው። ገንዘብ ማባከን ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰውዬው ለዚህ ቀን ብሎ ፖላሪስ ከሚባለው የገበያ ማዕከል የገዛው ልብስ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ነው። በሁለት እጁ ሁለት ምርኩዝ ይዟል፤ እንደ ሽማግሌ ምርኩዝ መያዝ የሚያሳፍረው ሰው፣ የስፖርት ከተባለ ሁለት ይይዛል። እኔ የመጋዘኑን ጫማዬን ነበር ያደረግሁት፤ አፍንጫው ብረት ነው። አስጎብኚዋ አይታ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «ከላዩ ላይ ሦስት መቶ ኪሎ ወድቆበት ያውቃል» አልኳት።

መውጣቱን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ዝናብ፣ ከዝናቡ ሲያርፉ ትንኝ። አስጎብኚዋ በየጥጉ ቆማ ስለ ቅጠልና ስለ ወፍ ታስተምረናለች። እንደኛው ለወጉ የሚወጡ ሰዎች ከላይ እየወረዱ «ደርሳችኋል፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ!» ይሉናል፤ ሁሉም ይዋሻሉ። ሰውዬው ሲደክመው ፎቶ ላንሳ ብሎ ይቆማል፤ የሚያነሳው ጭጋጉን ነው። እኔ ደግሞ የጫማዬን ክር ለማሰር እጎነበሳለሁ። ደከመኝ ያለ የለም። ልጄ ከመሃላችን ሆና አንዴ ለሱ ውሃ ትሰጣለች፣ አንዴ ለኔ። በመጨረሻ እጮኛው የአባቱን ቦርሳ ከጀርባው አውልቆ ተሸከመለት።

ጫፉ ላይ የድንጋይ ክምር አለ። ሌላ ነገር የለም። አስጎብኚዋ በእጇ እያመለከተች ሰማዩ ቢጠራ ኖሮ በዚህ በኩል ሐይቁን፣ በዚያ በኩል ባሕሩን ታዩ ነበር አለችን። እኔ የራሴን እጅ እንኳ ዘርግቼ በቅጡ አላየሁትም። ከድንጋዩ ጀርባ ከነፋስ ተጠልለን ዳቧችንን አወጣን። ሰውዬው ሁለቴ ጎርሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ድምፁን አለሰለሰ።

«ወንድሜ፣ አሁን ዘመድ ሆነናል። የአዳራሹን ነገር አያስቡበት። ፖላሪስ አጠገብ ያለውን ይዤዋለሁ፤ ዲፖዚት ከፍያለሁ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ልጅዎን ይዘው መምጣት ብቻ ነው።»

ዳቦዬን ከአፌ መለስኩ። «መቼ ነው የያዙት?»

«አንድ ወር ሆነው።»

«እኔም ይዣለሁ» አልኩት። «ብሮድ ስትሪት ላይ። በዚያው ቅዳሜ። እኔም ከፍያለሁ።»

ባለቤቴ «ውይ!» አለች። እሷም አታውቅም ነበር። ትርፍ ሺፍት እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን ነበር ያዋጣሁት፤ ላስደንቃቸው ብዬ ደብቄዋለሁ። የሴት ልጅ አባት ነኝ፤ አንድ ቀን ልድገስ።

«ምነው ሳይነግሩን?» አለ ሰውዬው።

«እርስዎስ ነገሩኝ?»

«የብሮድ ስትሪቱን እንኳ ይተዉት። ፓርኪንጉ ላይ መኪና ይሰበራል ይላሉ።»

«ሄደውበት ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?»

«ታዲያ የተሰበረው የማን መኪና ነው?»

«ወንድሜ፣ አይቆጡ። በሰዓት እየተከፈለዎት ይህን ሁሉ ሸክም ለምን ይሸከማሉ ብዬ፣ አዝኜልዎት ነው።»

እንዲህ ያለ ኀዘን አልወድም። «ሸክም ሥራዬ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። «እርስዎ ግን ዛሬ የገዛ ቦርሳዎን የተሸከመልዎት ልጅዎ ነው።»

ሰውዬው ብድግ አለ። እኔም ብድግ አልኩ። እዚያ ጭጋግ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዳቦ በእጃቸው ይዘው ስለ ወንበር ብዛት፣ ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ማን ሀገር ቤት ምን እንደነበር ተባባሉ። አስጎብኚዋ ደንግጣ ባለቤቴን «ሰላም ነው?» አለቻት። ባለቤቴም በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብላ፣ «ስለ አየሩ ነው የሚነጋገሩት» አለቻት።

ያን ጊዜ ልጄ ሳቀች። ቅዝቅዝ ያለ ሳቅ ነበር። «በጣም ጥሩ» አለች። «ሁለት አዳራሽ አላችሁ። ሁለታችሁም ደግሱ። እኛ አንመጣም።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን…» አልኩ።

«ኖ፣ አባዬ። ነግሬህ ነበር» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። እጮኛዋ ለአባቱ «ምሳህን ጨርስ፣ አባባ» ብሎት ተከተላት። ቁልቁለቱን ሁለቱ ከፊት፣ ባለቤቴ ከመሃል፣ እኛ ሁለታችን ተራርቀን ከኋላ ወረድን።

ቢሆንም ከሰዓት ሸለቆው ተከፍሎበታል፤ ስለዚህ ሄድን። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚጠብቅ ጥቁር የጎማ ልብስ አለበሱን። ሆዴን ለማስገባት ሁለት ሰው ረዳኝ። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ልጅ ያሳደገ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት የሚቆም ሰው ቀይ ቆብ ደፍቶ እንደ ዓሣ ተለብጦ ይቆማል። ይህን ነው ስፖርት የሚሉት። ወንዙ በድንጋዮች መሃል እየተወረወረ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ የቤት ጣሪያ ከሚያህል ከፍታ ወደ ጥቁር ኩሬ መዝለል አለ። ማን መጀመሪያ ይዝለል ተባለ። ልጄና እጮኛዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ጫፉ ሄዱ። ወደኋላ አላዩም። ዘለሉ። ጩኸታቸው ከገደሉ ተመለሰ። ቀጥላ ባለቤቴ፣ ሰላሳ ዓመት አብሬያት የኖርኳት፣ የፎቅ ደረጃ ስትወርድ ብረቱን የምትይዝ ሴት፣ አማተበችና ዘለለች።

ላይ የቀረነው እኔና ሰውዬው ነን።

«ይቅደሙ» አለኝ።

«አይገባም። ታላቅ እያለ?»

«ኧረ ይቅደሙ ግድ የለም።»

«በፍጹም፣ ጋሼ። እርስዎ።»

የሸለቆው አስጎብኚ ጠበቀን፣ ደግሞ ጠበቀን። ከእኛ በኋላ የመጡ ሰዎች ተሰለፉ። ከሥር ሦስቱ ውሃው ውስጥ ቆመው ይሳሳቃሉ፤ ባለቤቴ የልጄ እጮኛ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ይወርዳሉ አይወርዱም ብሎ ወደ ላይ ያየን የለም። በመጨረሻ አስጎብኚው በጎን ባለው የእግር መንገድ መልሶ ወሰደን። የከፈልንበትን አልዘለልንም። እኔ ፈራሁ አልልም፤ አልፈራሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

ወደ ኮሎምበስ ተመለስን። ልጄ ትደውላለች፣ ትጠይቃለች፤ የሠርጉን ነገር ሳነሣባት ግን ወሬ ትቀይራለች። ይበርድላታል ብዬ ዝም አልኩ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በሥራ ቀን።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም። ልጅህ አገባች።»

ከተማ መሃል ፍርድ ቤቱ ሄደው፣ ፈርመው፣ ተፈራርመው ወጥተዋል። ሰማንያ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በኋላ እናየዋለን ብለዋል።

«ማንን ጠሩ?»

«እኔን።»

«አባቱንስ?»

«እሱንም አልጠሩም። እኩል ይሁን ብለው ነው» አለችኝና ሻሽዋን ፈታች።

ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ልጄን አንድ ቀን ከጎኗ ቆሜ ላስገባት ነበር፤ እሱ ቀርቷል። አሁንም ቢሆን ያን መንደር እንቃለሁ። ዝናቡን የሚሸጥ መንደር፣ ዝናብ የሚገዛ መንገደኛ። ለልጆቹም ቢሆን ፍርድ ቤት ውስጥ መዳር ልክ ነው አልልም፤ ነግሬያቸዋለሁም። ግን ሰውዬውና እኔ ልጆቻችንን ለማክበር አልነበረም የተሽቀዳደምነው፤ ይህን ደብቄ ሌላውን ብጽፍ ይህ ጽሑፍ ዋጋ የለውም።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ሰውዬው ነው።

«ሰሙ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«የእርስዎ አዳራሽ ዲፖዚቱን ይመልሳል?»

«አይመልስም። የእርስዎስ?»

«አይመልስም።» ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆነብኝ። «እንግዲህ ሁሉንም እንደምረው» አለ። «ትኬቱን፣ መኝታውን፣ የኪራይ መኪናውን፣ ልብሱን፣ ሁለት ጊዜ የከፈልነውን። ሁለቱን አዳራሽ። ልጆቹ ያወጡትንም ይጨምሩ።»

እሱ የሱን ነገረኝ፣ እኔ የኔን ነገርኩት፤ ባለቤቴ ከልጆቹ የሰማችውን ከኩሽና ጮክ ብላ ነገረችን። ደመርኩት፤ አላመንኩምና ከታች ወደ ላይ መልሼ ደመርኩት። አምስታችንን የፈጀብን አሥራ አምስት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር ነው።